ከጡጦ የተረፈው

የማልበው ወረቀት ላይ ተቀምጬ ነው። ላም ብሆን እኮ ጋጣ ይሰጠኝ ነበር። እኛ ማተሚያ ቤት ግን ለምታጠባ እናት የሚሆን ክፍል የለም፤ ያለው የወረቀት መጋዘን ነው፤ የሱም በር ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ በየቀኑ የታሸገ ወረቀት ቁልል ላይ እቀመጥና፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ማለቢያውን እየጨመቅኩ ወተቴን ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። ሙጫ ደግሞ ከውጭ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትቆምልኛለች። ሙጫ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ሙጫ የምትቀባው እሷ ናት፤ ደግሞ አንድ ወሬ ከያዘች አትላቀቅም፤ ስሙ በሁለቱም በኩል ይገባታል።

«ጨረስሽ?» ትለኛለች በቀዳዳው።

«የቧንቧ ውሃ መሰለሽ እንዴ?»

«አለቃ እየመጣ ነው።»

«ይምጣ! ገብቶ ይለብልኝ!»

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ማስረከቢያ ደርሶበት ስለሆነ ጥላውንም ይቆጣል። ሲጋራ ለማጨስ የሚወጡትን ወንዶች አንድ ቀን «የት ነበራችሁ?» ብሎ አያውቅም፤ እኔ ከመጋዘኑ ስወጣ ግን የግድግዳውን ሰዓት እያየ «አሁንም?» ይለኛል። አዎ፣ አሁንም! ጡት እንደ ማሽን በቁልፍ አይጠፋ ነገር! ትልቁ የወረቀት መቁረጫ ላይ ለመቆም ስንት ዘመን ወረቀት ተሸክሜያለሁ፤ ከኔ በፊት እዚያ ማሽን ላይ የቆመች ሴት የለችም። ያንን ቦታ ለቅቄ ቤት እንድቀመጥ የሚጠብቅ ብዙ ነው። አልለቅም።

የታለበውን በረዶ ባለበት ቦርሳ ይዤ ቤት እገባለሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ እደረድራለሁ፤ በማግስቱ እኔ ሥራ ስውል አማቴ ለልጁ ይሰጡታል። ልጁ ጉልቤ ይባላል። ይህን ያወጣለት አባቱ ነው፤ ሲወለድ ጉንጩ የቦክሰኛ ጉንጭ ነበር።

አማቴ ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስማቸውን አጠፋች እንዳልባል። የወለድኩ ሰሞን ሻንጣቸውን ይዘው መጡ፤ እንቅልፍ አጥተው ልጅ አቀፉ፤ አንድ ቀን ደከመኝ አላሉም። ግን ሰው ደግ ስለሆነ ጨጓራ አይልጥም ያለው ማነው? ደግሞ ተናድጄም እርስዎ ነው የምላቸው። በእርስዎ መናደድ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ሥራ ልመለስ ስል፣ ወተቴን እያለብኩ እንደማስቀምጥ ነገርኳቸው።

«ከጡት ወጥቶ ንፋስ የመታው ወተት? ለሕፃን?» አሉ።

«ይቆያል እማማ። ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት ይቆያል።»

«አይበላሽም?»

«አይበላሽም።»

ፍሪጁን ከፍተው ጠርሙሶቹን አዩ፤ ዘጉት፤ ደግሞ ከፈቱት። «ወይ ጊዜ!» አሉ። ነገሩ ስለገረማቸው መስሎኝ ደስ አለኝና አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እጅ መታጠብ ነው። ጡጦውን ማፍላት ነው። ወተቱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ እንጂ እሳት ላይ መጣድ የለም። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ደግሞ ይደፋል።

«እሺ ልጄ» አሉ።

እሳቸው እሺ ሲሉ ሰው እሺ ያሉ ይመስለዋል።

ከዚያ የጉልቤ ሆድ ተበጠበጠ። ያስቀምጠዋል፤ ይሻለዋል፤ ደግሞ ያስቀምጠዋል። ዳይፐር መቀየር ሳይሆን ቧንቧ መጠገን ሆነብን። ያ የቦክሰኛ ጉንጭ ቀስ እያለ ሟሸሸ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ የሚዛኑ ቀስት ካለፈው ቀጠሮ ዝቅ አለ። ሲስተሯ ቀስቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ምንድን ነው የምትሰጡት?»

«የኔን ወተት።»

«ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

«ንጽሕናውስ?»

አማቴ ቀደሙኝ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ እጄን ሳልታጠብ ጡጦ ነክቼ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እጃቸው ከመታጠብ ብዛት ተልጧል።

ሲስተሯ መድኃኒት ሰጠችንና «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልጨመረ ሆስፒታል እልከዋለሁ፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ» አለች። ባሌ የዚያን ቀን ምሽት ራሱን እያከከ የራሱን ጨመረበት፦ «ካልጨመረማ ሥራውን ትተዪው እንጂ። ልጁ እኮ ነው።» ልጁ እኮ ነው! እኔ የወረቀት ልጅ የወለድኩ ይመስል! ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። አንድ ጠርሙስ አጥቦ አያውቅም፤ ፍርድ ግን ይሰጣል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ? አህያዋ እኔው ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ከዚያማ የሚያውቀኝ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤት «ወተትሽ ቀጥኗል» ትለኛለች። ሙጫ ደግሞ በሩን እንደደገፈች «ተናደሽ ስለምታልቢ ነው፤ የተናደደ ሰው ወተት ይመራል» ትለኛለች። ታዲያ ይህን እየሰማሁ አልናደድ? ውሃ ጠጣሁ፣ ጠጣሁ፣ ሆዴ ተነፋ። ማለቢያውን ሦስቴ አራቴ አፈላሁት። ማታ ማታ እኔ ራሴ ሳጠባው ጉልቤ ደህና ይጠባል፤ ቀን ቀን ምን እንደሚነካው ግራ ገባኝ። ፍሪጁ በኔ ወተት ተሞልቶ ልጄ ይከሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አንዳንዴ መጋዘኑ ውስጥ ጠርሙሱን በብርሃን አንስቼ አየዋለሁ፤ ነጭ ነው፤ ምኑ ነው የጎደለው? በራሴ ወተት ተጠራጠርኩ። እንደዚያ የሚያናድድ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመቁረጫው ምላጭ ተሰነጠቀ። ምላጩ ከሌለ መቁረጥ የለም፤ ካልተቆረጠ መለጠፍ የለም። አለቃችን ራሱን ይዞ የተቆለለውን መጽሐፍ አየ፤ «ሂዱ ከፊቴ! ሲጠገን እጠራችኋለሁ» አለን። ሰው አዘነ፤ እኔ ሮጥኩ። ልጄን በቀን ላየው ነው!

በሩ ገርበብ ብሏል። ጉልቤ ትራስ መሀል ተኝቷል፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። እንዳይነቃ ጫማዬን አውልቄ በቀስታ ወደ ኩሽና አለፍኩ። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ጡጦውን ይዘዋል። ክዳኑን ፈቱ፤ ልጁ ጠጥቶ የተረፈውን አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ወደ አንድ ጠርሙስ ገለበጡት፤ የጡጦውን ቂጥ በጣታቸው ቸብ ቸብ አድርገው የመጨረሻዋንም አወረዱ። ከዚያ ያለፈው ቀን ማታ ያመጣሁትን አዲስ ወተት አንስተው እዚያው ላይ ሞሉበት። ጠርሙሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠራርገው ፍሪጁ ውስጥ፣ ከፊት ለፊት፣ ቅድሚያ እንዲጠጣ አስቀመጡት።

«እማማ!»

«ውይ! ምነው ልጄ፣ አስደነገጥሽኝ! ሥራ የለም እንዴ?»

«አሁን የገለበጡት ምንድን ነው?»

«የጉልቤ ነዋ። ዛሬ ብዙ ተረፈው፤ ሆዱን አሞት ነው መሰል።»

«ጠጥቶ የተረፈውን ነው ከአዲሱ ጋር የቀላቀሉት?»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

ደሜ ፈላ። «ይድፉት አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«እሺ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ!»

«እሺ ያልኩት እንዳትናደጂ ነው» አሉኝ።

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እንዳልናደድ! እኔ በራሴ ወተት ተጠራጥሬ፣ ውሃ ጠጥቼ ተነፍቼ፣ ልጄ ሚዛን ላይ እየሟሸሸ፣ ሥራዬ በአፍንጫዬ ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ እንዳልናደድ! «የልጁ ምራቅ የነካው ወተት ይበላሻል እማማ! የተበላሸው ደህናውን ያበላሻል! ልጁን የሚያሳምመው ይኸው ነው፤ በእጅዎ ነው የሚያሳምሙት!» ብዬ ጮህኩ። ጉልቤ ነቅቶ አለቀሰ። አልሄድኩለትም።

«አይሸትም እኮ» አሉ ድምፃቸው አንሶ። «አሽትቼዋለሁ። ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፍሪጁን ከፈትኩና ከፊት የተደረደሩትን ጠርሙሶች እየነጠቅኩ ዕቃ ማጠቢያው ላይ መድፋት ጀመርኩ። አንዱን ደፋሁ። ሁለተኛውን ስከፍት እጄን ያዙኝ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ተዪ! ጡር ነው! የእናት ጡት ወተት አይደፋም!»

«የተበላሸ ነው!»

«ቢበላሽም! እኔን ምቺኝ፣ እሱን አትድፊ!»

ደፋሁት። ሁሉንም ደፋሁት። ነጩ ውሃ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሲያዩ እጄን ለቀቁኝና ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከቧንቧው ሳይነቅሉ፣ ሰው ስለ አየሩ እንደሚያወራ ዓይነት፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ከባልሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ወተቴ ደረቀ። ምን ብጠጣ፣ ምን ብበላ፣ ጠብ አልል አለ። ከኛ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እሷም ወልዳ ጡቷ የተረፈ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እሺ አለችኝ፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ እየገባች ታጠባልኝ ነበር። ማታ ማታ ልጄ ትጠግባለች። ቀኑ ነው የማይገፋው። ቀኑን በስኳር ውሃ አባብላታለሁ። ጥርስ ሳታወጣ ሄደች።»

ባዶውን ጠርሙስ አስቀመጥኩ።

«አንቺ ቤት በምትውዪበት ቀን ያቺን ማለቢያ ይዘሽ ፊትሽን አጨፍግገሽ ስትጨምቂ አይሻለሁ» አሉ። «ጠርሙስ ለመሙላት ስንት ትታገያለሽ። እሱን ጠጥቶ ሲተርፈው ድፊ ትይኛለሽ። በምን እጄ ልድፋው?»

ተናድጄ እንኳ እንዳልጨርስ! ገና ግማሹን ነበር የተናገርኩት። አሁን እዚህ ላይ ምን ይባላል? እውነቴን ነው፤ ልጄን አሳምመውታል። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ሁለት እውነት በአንድ ኩሽና! ሄጄ ጉልቤን አነሳሁትና ጡቴን ሰጠሁት። እሱ ይጠባል፤ እኔ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ባዶዎቹን ጠርሙሶች ያጥባሉ።

ጉልቤ ጠግቦ ሲለቀኝ «እማማ» አልኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የተረፈውን እርስዎ አይድፉ። ግን ወደ ፍሪጅም አይመልሱት። እዚያ ማጠቢያው ጥግ ያስቀምጡልኝ፤ ማታ ስገባ እኔው እደፋዋለሁ። ጡሩ በኔ ይሁን።»

«በአንቺስ ለምን ይሆናል?» አሉ።

«የኔ ወተት ነዋ! በራሴ ወተት ማን ይቆጣኛል?»

ይህን ስላቸው እሺ አላሉም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብ አደረጉ። «እንግዲያው በትንሽ በትንሹ አድርጊልኝ» አሉ። «ጠርሙሱን ሙሉ ስታደርጊው ነው የሚተርፈው። የሚጨርሰውን ያህል ብቻ በየዕቃው ቢሆን፣ ባይጠግብ እንኳ ሁለተኛ ላወጣለት እችላለሁ።» ይህ ለኔ ያልመጣልኝ በምን ምክንያት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ትንንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ገዛሁና ወተቱን ከፋፍዬ መደርደር ጀመርኩ።

ባሌ ማታ ነገሩን ሲሰማ «ይኸው ነው እንዴ?» አለ። አዎ፣ ይኸው ነው! ለይኸው ነው ሥራዬን ልታስተወኝ የነበረው! እናቱ ስለነበረቻቸው ልጅ ግን አልነገርኩትም። እሳቸው ይንገሩት።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስገባ ማጠቢያው ጥግ ክዳን የተደረገባት ብርጭቆ ትጠብቀኛለች። አንዳንድ ቀን ባዶ ናት ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቀን ጉልቤ እየጠጣ እንቅልፍ ይወስደውና ጥሩ ጉርሻ የሚሆን ተርፎ አገኛለሁ። ልደፋ ስነሳ አማቴ አንድ ሥራ ትዝ ይላቸውና ከኩሽና ይወጣሉ። እኔም ቧንቧውን ከፍቼ ቶሎ እደፋዋለሁ። ቀላል ነው ብል ውሸቴን ነው፤ ያንን ያህል እስካልብ ሙጫ በሩን ስትደግፍ ወገቧ ተቆርጧል። በውስጤ ይህን ፍሪጅ የፈጠረውንም፣ ማለቢያውን የፈጠረውንም፣ ለምታጠባ እናት ክፍል ያልሠራውን አለቃዬንም እየረገምኩ ነው የምደፋው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አማቴ «እኔም እመጣለሁ» አሉ፤ ጠዋት ተነስተው ነጠላ መምረጥ አቅቷቸው ሲመላለሱ ነበር። ሆዱ ከጸና ሰንብቷል፤ ግን ሚዛን ሚዛን ነው። ጉልቤን ልብሱን አውልቄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ካልጨመረ ሆስፒታል ነው፤ ካልጨመረ መቁረጫውን ደህና ሁን ማለት ነው። ቀስቱ ተወዛወዘ፤ ተወዛወዘ፤ ቆመ።

«ጎሽ!» አለች ሲስተሯ። «ይሄማ በደንብ ጨምሯል! ምን አደረጋችሁት?»

በአጭሩ ነገርኳት። የማን ስህተት እንደነበር አልተናገርኩም፤ «የተረፈውን መልሰን እንቀላቅል ነበር» አልኩ፣ እኔንም ጨምሬ።

«ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለች። «የተረፈ መድፋት ሰው አይሆንለትም።»

ጉልቤን እያለበስኩት ሳለ አማቴ ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አሉ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፍሪጅ በሌለበት ቤትስ? ጠዋት የታለበ ወተት እስከ እኩለ ቀን ይቆያል?»

«ገና አፍ ያልነካው ከሆነ፣ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም፤ ይቆያል።»

«ድሮም?»

ሲስተሯ ሳቀች። «ድሮም ያው ወተት ነው እማማ! የሚነግራችሁ ስላልነበረ ነው እንጂ።» ከዚያ አንገቷን ወደ በሩ አስግጋ «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።

ያቺን ሴትዮ እዚያው ላንቃት ፈለግኩ። ምን አጠፋች? ምንም። ተጠየቀች፤ መለሰች። ግን አፏን ብትይዝ ምን ነበረበት? አላውቅም በይ፣ ሐኪም ጠይቂ በይ፣ ዋሺ! ማንን እንደምቆጣ ጠፍቶኝ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልቤን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው።

«ጠዋት ጠዋት እኮ በኔ በር በኩል ነበር የምታልፈው» አሉኝ።

«ማን?» አልኩ ሳላስብ።

«ልብስ አጣቢዋ። ወደ ሥራ ስትሄድ። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን ያርሰው ነበር። ‹እንዴት አደርሽ?› ትለኛለች፤ እኔም ልጄን እንዳቀፍኩ በር ላይ ቆሜ ‹እንዴት አደርሽ?› እላታለሁ። ከዚያ ታልፋለች። አንድ ቀን ብርጭቆ ይዤ አልወጣሁላትም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በፊታችን ያልፋሉ። ጉልቤ ራበው መሰል አፉን ወደ እሳቸው ደረት ወሰደና መፈለግ ጀመረ። ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም። ተውኳቸው።